ለነፋስ መውጫ የሚሆን ለበሽሎ ዳር አይሆንም

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ችግኝ ይታደላል፤ ክረምቱ ሲወጣም ስንት ተተከለ ተብሎ ይነገራል። በሚያዝያ ፀሐይ ስንቱ ቆሞ ተገኘ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በተነገረ ጊዜ ብዙዎቻችን ገና ልጆች ሆነን ጉድጓድ ቆፍረናል።

ስለ ደኑ ሌላ ጊዜ እንነጋገርበት። እኔ የማነሣው የጓሮውን ነገር ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራ ሲራቆት ቤተሰቡን የሚያቆየው ጎመኑና ድንቹ መሆኑን ከዚያ የመጣን ሁሉ እናውቃለን። እንዲህ ያለውን መሬት በዕጣ በደረሰ ችግኝ መሙላት የእናቶቻችንን ጉልበት ማባከን ነው።

አገሩ በካርታ ሲታይ ትንሽ ነው፤ በእግር ሲኬድ ግን ከጉና ውርጭ እስከ በሽሎ ቆላ ድረስ ይወርዳል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ተቀምጣለች፤ የስማዳ ጫፍ ደግሞ በዓባይና በበሽሎ ሸለቆ ያልቃል። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ግድም ይቀንሳልና፣ 1,000 ሜትር የወረደ ሰው 6 ዲግሪ ያህል ሙቀት ጨምሮ ያገኛል። ይህን ያህል ልዩነት ባለበት አገር በአንድ መኪና የመጣ አንድ ዐይነት ችግኝ ለሁሉም እንዴት ይሆናል? ማንጎ በላይ ጋይንት ደጋ ቢተከል የኅዳርን ውርጭ አይሻገርም። ፖም በበሽሎ ዳር ቢተከል በቂ ብርድ ስለማያገኝ እንቡጡ በወጉ አይነቃም፤ ባለቤቱ ዓመት ዓመት ቅጠል ይቈጥራል።

ፖምን ለደጋችን ቢያስቡት ግን መልካም ነው። የጋሞ ደጋ የሆነችው ጨንቻ በፖም የታወቀችው ብርዷን ለጥቅም በማዋሏ ነው። እኛም ብርድ አልጎደለንም። የጎደለን ከነፋስ መከለያ ነው፤ የነፋስ መውጫ ስም እኮ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው! ፖም የሚተክል ሰው አስቀድሞ አጥሩን ያጥብቅ።

ድንችም እንዲሁ ነው። በክረምት ጉም ቅጠሉን የሚያጠቁረው በሽታ ማሳውን በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። የአዴት ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ዘንገናና ጓሳ፣ ከሆለታ የወጣው በለጠም በሽታውን እንዲቋቋሙ ተመርጠዋል። ስማቸውን በክፍል ውስጥ እናጠናለን፤ ዘራቸውን ግን ወደ ቤታችን ይዘን የገባን ስንቶቻችን ነን?

ጌሾ፣ ነጭ ሽንኩርትና የሐበሻ ጎመን ግን ማንም ሳያድላቸው ከአያቶቻችን ጓሮ አልጠፉም። ምክንያቱም የተመረጡት በዚያው አፈርና በዚያው ብርድ ነው። አዲስ ነገር ይቅር አልልም፤ አዲሱ ይገባ ዘንድ አሮጊቶቹን ጠይቆ ይግባ እላለሁ። አንድ ነገር ግን ለእነርሱም እነግራቸዋለሁ፦ እበቱ ሁሉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ከገባ ጓሮው በአመድ ብቻ አይጠግብም። ለማገዶ ባሕር ዛፍ መትከሉ እበቱን ያድናል፤ ሆኖም ከጎመኑ ራቅ ይበል፣ ውኃውን ይሻማልና።

አንዳንድ ወንድሞች የጓሮ ነገር የሴቶች ነው፣ የተማረ ሰው ስለ ግድብ ያስብ ይላሉ። ግድቡ እስኪሠራ ድረስ እነዚሁ ወንድሞች ምን በልተው እንደሚከራከሩ ቢነግሩን ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህሮቻችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከሦስቱ አገር የመጣን ተማሪዎች ለክረምት ስንሄድ እያንዳንዳችን የአምስት ቤት ጓሮ እንመዝግብ፤ የቀበሌው ስም፣ ደጋ ወይም ቆላ መሆኑ፣ ምን እንደ ተተከለ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ምን እንደ ቀረ፣ ውርጩ በየትኛው ወር እንደ መጣ ይጻፍ። የእርሻ መምህሮቻችን ቅጹን ቢያዘጋጁልን፣ ስንመለስ የተሰበሰበው በዚሁ ጋዜጣ በየወረዳው ተለይቶ ይታተማል፤ አንድ አንድ ቅጂም ለየወረዳው ችግኝ ጣቢያ ይላካል። ወረቀቱን እኔ እሸከማለሁ።