የሰይጣን ቤት ወራሾች
በሲያትል፣ ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ብዙም ሳይርቅ፣ በሩዝቬልት ጎዳና «ስኬርክሮው ቪዲዮ» የተባለ የፊልም ማከራያ ቤት ይገኛል። ስሙ በማሳ መካከል የሚተከለውን የወፍ ማስፈራሪያ ያመለክታል። ጆርጅና ሬቤካ ላትሲዮስ የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1988 የመሠረቱት ይህ ቤት ከ140,000 የሚበልጡ ፊልሞችን በካሴትና በዲስክ ይዟል፤ ብዙዎቹ በየትኛውም የኢንተርኔት ፊልም አቅራቢ ዘንድ አይገኙም። መደርደሪያዎቹ የያዙት የታላላቆቹን ሥራ ብቻ አይደለም። ጭራቁ ከጎማ የተሠራበት፣ ደሙ ከሽሮፕ የተቀመመበት፣ ተዋናዮቹ የዳይሬክተሩ ጎረቤቶች የሆኑበት አስፈሪ ፊልም ሁሉ እዚያ ቦታ አለው። የቪዲዮ ኪራይ ንግድ ሲሞት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነ፤ በ2024 ደግሞ እንዳይዘጋ 1.8 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ለሕዝብ ጥሪ አቀረበ።

ጤነኛ ሰው ለጎማ ጭራቅ ለምን ገንዘብ ያዋጣል? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ይሁንና በዚያችው ከተማ ለሚኖረውና ስለ አገሩ የባህል ፖሊሲ በየመድረኩ ለሚከራከረው ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ይህ የቅርብ ጥያቄ ነው። የሐበሻ መደብሮች ከበርበሬውና ከእንጀራው ጎን የአማርኛ ፊልሞችን በካሴት፣ በቪሲዲና በዲቪዲ የሚሸጡበት ዘመን ሩቅ አይደለም። እነዚያ ፊልሞች ዛሬ በየምድር ቤቱና በየጋራዡ በካርቶን ታሽገው አቧራ ይጠጣሉ፤ ቅርስ ናቸው ብሎ የሚቆጥራቸው ጥቂት ነው። ስለ ፊልም ሲነሣ የምሁሩ ጭንቀት ሌላ ነው፦ የትኛው ፊልም የአገሪቱን መልካም ገጽታ ያሳያል? የትኛውስ በአውሮፓ ፌስቲቫል ተመረጠ? ይህ የገጽታ ግንባታ አስተሳሰብ በኪነ ጥበብ ሚዛን ድሃ፣ በኢኮኖሚክስ ሚዛን ደግሞ ስሕተት ነው።

ስሕተቱን ከሒሳቡ መጀመር ይቀላል። አርተር ዴ ቫኒና ዴቪድ ዎልስ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች የፊልም ገቢን ሥርጭት መርምረው ያሳዩት፣ በዚህ ገበያ አማካይ ቁጥር ምንም እንደማይናገር ነው፤ እጅግ ጥቂት ፊልሞች አብዛኛውን ገቢ ይወስዳሉ፣ የትኞቹ እንደሚሆኑ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። አሸናፊውን መለየት በማይቻልበት ገበያ ብልህ ፖሊሲ አንድን «ትልቅ» ሥራ መርጦ መሾም ሳይሆን ብዙ ርካሽ ሙከራዎችን መፍቀድ ነው። አስፈሪ ፊልም ደግሞ ከሙከራዎች ሁሉ ርካሹ ነው። ዝነኛ ተዋናይ አይጠይቅም፤ ጨለማው የመድረኩን ድህነት ይሸፍናል፤ ተመልካች የሚከፍለው ለፍርሃቱ እንጂ ለፊት አይደለም። «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» በ15,000 ዶላር ገደማ ተቀርጾ የዓለም ሲኒማ ቤቶችን አጥለቀለቀ። «ብሌር ዊች ፕሮጀክት» በጥቂት አሥር ሺዎች ዶላር ተቀርጾ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ አስገባ። እርግጥ ለእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ፊልም እልፍ የከሰሩ አሉ። ሙግቱ ግን እዚሁ ላይ ነው፤ የኪሳራው ወለል ቅርብ፣ የትርፉ ጣሪያ ግን ሩቅ ነው። ለሌላው ዘርፍ ስለ ስጋትና ስለ ፖርትፎሊዮ በቀላሉ የሚያስረዳ ባለሙያ ፊልም ላይ ሲደርስ ይህንን ሁሉ ይረሳዋል።

ናይጄሪያ አልረሳችውም፤ ወይም ማንም ስላልጠየቃት የመርሳት ዕድል አላገኘችም። ኬኔት ንኔቡዌ የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ከውጭ ያስመጣቸውን ባዶ ካሴቶች ለመሸጥ ሲል ባወጣው «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» በተባለ የ1992 የኢግቦኛ ፊልም የኖሊውድ ዘመን ተከፈተ ይባላል። ታሪኩ ለሀብት ሲል ሚስቱን ለምሥጢራዊ ማኅበር የሠዋና በመንፈሷ የተሳደደ ሰው ታሪክ ነው፤ በአጭሩ፣ በርካሽ የተሠራ አስፈሪ ፊልም። የአገሪቱ የተማረ ክፍል ከዚያ በኋላ በጎረፉት የጥንቆላ ፊልሞች ለዓመታት አፈረ። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን ናይጄሪያ የጠቅላላ ምርቷን ስሌት አሻሽላ ከደቡብ አፍሪካ ስትቀድም፣ በአዲሱ ስሌት ከተካተቱት ዘርፎች አንዱ የፊልሙና የሙዚቃው ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ስለ «ፈጠራ ኢኮኖሚ» በሚደረግ ስብሰባ ኖሊውድን በአርአያነት የሚጠቅሱ ሰዎች የሚያወድሱት ፍሬውን ነው፤ ዘሩ በደጃቸው ቢዘራ ይነቅሉት ነበር።

የመንቀሉ ልማድ የቆየ ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ለመጀመሪያዎቹ የሲኒማ አዳራሾች ለአንደኛው ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» ነበር። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ፊልም ንጹሕነቱን ሲያስመሰክር የኖረ ይመስላል፦ ያስተምራል፣ ይመክራል፣ ያንጻል፤ ካልሆነም በፍቅርና በኮሜዲ ያዝናናል። ሰይጣኑ ግን ከቤቱ ተባረረ። ቡዳው፣ ዛሩ፣ በሌሊት የሚጠራው ድምፅ፣ አያቶች በምድጃ ዳር ያወረዱት የፍርሃት ሀብት ሁሉ «ኋላቀርነት» ተብሎ ከካሜራው ፊት ገለል ተደረገ።

እዚህ ላይ ክብደት ያለው ተቃውሞ ይነሣል። ቡዳ ተረት ብቻ አልነበረም፤ ሰው የሚጎዳበት ክስ ነበር። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ቤተ እስራኤላዊው በሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ተፈርቷል፣ ከጋብቻና ከማዕድ ተገልሏል። ታዲያ ይህንን ፍርሃት በፊልም መቀስቀስ በደሉን ማደስ አይሆንም? ይሆናል፤ ፊልሙ የከሳሹን ዓይን ከተዋሰ። ነገር ግን አስፈሪ ፊልም በጥሩ ጊዜው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ፒትስበርግ አካባቢ በ114,000 ዶላር ገደማ የሠራውን «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ማስታወስ ይበቃል። ጥቁሩ ተዋናይ ዱዌይን ጆንስ የተጫወተው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከሙታን ጋር ታግሎ ይተርፋል፤ ሲነጋ ጠመንጃ የያዙ ነጮች ከሙታኑ አንዱ መስሏቸው ግንባሩን ይመቱታል። ስለ አሜሪካ የዘር ጥያቄ በዚያ ዓመት በሆሊውድ ከተሠሩት ቅን ፊልሞች ይህን ያህል የነከሰ ማግኘት ያዳግታል። በአንድ የኢትዮጵያ መንደር አንዲት ሸክላ ሠሪ «በልታዋለች» ተብላ ስትከሰስ የሚያሳይ፣ ጭራቁ እርሷ ሳትሆን ደጃፏ ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት የሆነበት ፊልም ከስንት የግንዛቤ ማስጨበጫ አውደ ጥናት ይበልጣል! እንዲህ ያለው ፊልም ግን ገበና ይገልጣል። የገጽታ ግንባታ ዋና ሥራ ደግሞ ገበናን መሸፈን ነው።

ስለዚህ እንግዳውን ፊልም እንግዳ ሰው ሠራው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ክራምብስ»፣ ማለትም ፍርፋሪ፣ በኢትዮጵያ ምድር በአማርኛ የተቀረጸ 68 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ፊልም ነው። አስፈሪ ፊልም ነው ለማለት ባይቻልም የቅርብ ዘመዱ ነው። ዓለም ካለቀ በኋላ፣ ዳንኤል ታደሰ የተጫወተው ብረት ቃራሚ ሰላም ተስፋዬ ከተጫወተቻት ፍቅረኛው ጋር በተተወ የቦውሊንግ አዳራሽ ይኖራል፤ የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ንዋየ ቅዱሳት ይከበራል፣ ማይክል ጆርዳን ይመለካል፣ የገና አባት በአካል ይገኛል። የዳሎል ምድር እንዲህ ሆኖ ለዓለም ተመልካች የታየበት ሌላ ልብ ወለድ ፊልም ማሰብ ይከብዳል። ያንሶ አይወቀስም፤ ከአዲስ አበባ ባለሙያዎችና ተዋናዮች ጋር ሠርቷል። ተወቃሹ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ የመጣን የአገር ልጅ «መልእክቱ ምንድን ነው?» ብሎ የሚመልሰው ገንዘብ ሰጪና እርሱን የሚያማክረው ምሁር ነው።

የእነዚህ ፊልሞች አፍቃሪም ሙሉ በሙሉ ከነቀፋ አያመልጥም። «ከመክፋቱ የተነሣ ያምራል» እያሉ መሳቅ ንቀት ያለበት ፍቅር ነው፤ የኡጋንዳው አይዛክ ናብዋና በ200 ዶላር ሠራው የሚባለው «ሁ ኪልድ ካፕቴን አሌክስ?» ሲታይ ሳቁ ከድህነት ላይ የሚሳቅ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ሆኖም ሳቁ ያተረፈውን የአክብሮት ዝምታ አላተረፈም። አንድ የማዳበሪያ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1966 በኤል ፓሶ የሠራው «ማኖስ» የከፉ ፊልሞች ሁሉ ቁንጮ ነው ይባላል፤ ሆኖም የሥራ ቅጂው በ2011 ተገኝቶ በአፍቃሪዎቹ መዋጮ ታድሷል። «ከፉ» ተብለው እንኳ ለመታወስ ያልበቁት የአማርኛ ካሴቶች ይህ ዕድል አልገጠማቸውም።

የናብዋና ፊልም ሌላም ነገር ያስተምራል። የመጀመሪያው ቅጂ ጠፍቷል፤ ዛሬ የሚታየው የተራኪ ድምፅ የተደረበበት ብቻ ነው። ማግኔታዊ ቴፕ በመልካም አያያዝ እንኳ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በላይ አይታመንም፤ በጋራዥ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ይብስበታል። የሲያትል ማኅበረሰብ ለዚህ ከሌሎች ከተሞች የተሻለ ዕድል አለው፤ ሚፖፕስ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የአካባቢውን ተቋማት የቪዲዮ ካሴቶች ወደ ዲጂታል የመገልበጥ ሥራ የሚሠራው በዚያችው ከተማ ነው። የሚጎድለው ካርቶኖቹን የሚሰበስብ፣ የባለመብቶቹን ፈቃድ የሚጠይቅ፣ የሚመዘግብና ለግልበጣው የሚከፍል ማኅበር ነው። በሚሰበሰብበት ጊዜ ጥሩው ከመጥፎው መለየት የለበትም፤ ምርጫው ለኋላ ሰው ይቆይ። የሁለት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ መጫወት አለበት፤ የቪኤችኤስ ማጫወቻ በመሥራት የመጨረሻው የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ደግሞ ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።