ሙቀት አይስማማኝም ማለት ስንፍና አይደለም

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላሉ አባቶቻችን። እኔም ለሦስት ዓመት ስደብቀው የኖርኩትን ነገር ዛሬ በዚህች የትምህርት ክፍላችን መጽሔት ላይ ልናዘዝ ነው። ውድ አንባብያን፣ እባካችሁ እንዳትስቁብኝ፤ እኔ ሙቀት አልችልም።

አዎ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ! ይህን ስል የሚሰጠኝን መልስ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። "አንተ ደግሞ! አፋር ብትወለድ ምን ልትሆን ነበር?" ይለኛል አንዱ። "ፈረንጅ ነህ እንዴ?" ትለኛለች ሌላዋ። በከተማችን ብርድ መፍራት ጨዋነት ነው፤ ሙቀት መፍራት ግን ቅብጠት ነው። ጋቢ ተከናንቦ ክፍል የገባውን ተማሪ "አይዞህ፣ ብርድ መቶህ ነው" ብለን እናዝንለታለን። መስኮት ከፍቶ አንገቱን ወደ ውጭ ያሰገገውን ግን "ምን ነካው?" ብለን እንጠቋቆምበታለን።

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሳሁ ነበር። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ የአጋማሽ ፈተና የተፈተንነው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ መጨረሻ ፎቅ ላይ ነበር። ክፍሉን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒሱ አንድ ጥግ ላይ ወልቋል፣ መስኮቶቹ ወደ ምዕራብ ያያሉ። "ነፋስ ወረቀት ይበትናል" ተብሎ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። መጀመሪያ ጆሮዬ ጮኸ፤ ቀጥሎ ቁጥሮቹ ወረቀቱ ላይ መዋኘት ጀመሩ። እጄን አወጣሁና "መምህር፣ ትንሽ አየር ልውሰድ?" አልኩ። "ያላጠና ሰው ሁሉ ይሞቀዋል!" አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? የመጨረሻዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ሳልነካ ወረቀቴን አስረክቤ ደረጃው ላይ ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝና ተቀመጥኩ። የሚያሳዝነው፣ ማታ ቤቴ መስኮቱን ከፍቼ ስሞክራቸው ሦስቱንም ሠራኋቸው። መምህሬን አልወቅስም፤ እሳቸውም እኮ በመሐረብ ላባቸውን እየጠረጉ ነበር!

ከዚያ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የጤና ባለሙያዋ ደም ግፊቴን ለካችኝ፣ የደም ምርመራም አዘዘችልኝ። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ሰው ሙቀት አልችል ይላል፤ ለደም ግፊት የሚሰጡ ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶችና አንዳንድ የአለርጂ ኪኒኖችም ሰውነት ሙቀትን እንዳይቋቋም ያደርጋሉ። እኔ ዘንድ ይህ ሁሉ አልተገኘም። "በቃ አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው፤ ቁርስ አትዝለል፣ ውኃ ጠጣ፣ ጥላ ፈልግ" አለችኝ። እናንተም እንደ እኔ ከሆናችሁ፣ በተለይ ችግሩ ድንገት የጀመራችሁ ከሆነ፣ ሳትመረመሩ "ተፈጥሮዬ ነው" ብላችሁ እንዳትተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልለፍ። ፈረንጆች ስለ በጋ ሙቀት ሲያወሩ ሐምሌንና ነሐሴን ማለታቸው ነው። እኛ ጋ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብና ብርድ ናቸው። የእኛ ሙቀት ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው፤ ማለትም ሁለተኛው ሴሚስተር የሚጋግልበት ጊዜ! አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ቀትር ላይ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። በነሐሴ ማብቂያም ትመለሳለች፤ ያኔ ግን ደመናው ይከልለናል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ዱላውን የሚቀበለው ግድግዳ ሳይሆን ጣሪያ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዘንበል ብላ በምዕራብ መስኮት ትገባለች። እንግዲህ መጨረሻ ፎቅ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የምዕራብ መስኮት፣ 8 ሰዓት... ፈተናችንን ያስቀመጡልን አራቱም በተገናኙበት ቦታ ነበር ማለት ነው።

"አዲስ አበባ እኮ ደጋ ናት" የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ እንዲያውም ከተማችን የተቆረቆረችው ብርድ በመሸሽ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውኃ ወርደው በ1879 ዓ.ም "አዲስ አበባ" ያሏት ሙቀት ፈልገው ነበር። ነገር ግን ከእንጦጦ አናት እስከ ቦሌ ኤርፖርት ሜዳ ድረስ ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። በየ1,000 ሜትሩ ዝቅታ አየሩ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይሞቃል ብለን በትምህርት ቤት የተማርነውን ካሰላን፣ በአንድ ከተማ ውስጥ የ5 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። የእንጦጦን አየር እያሰቡ በቦሌና በገርጂ ለሚኖረው መፍረድ ትክክል አይደለም። ደግሞም ከፍታው ራሱ ፀሐዩን ያጠነክረዋል፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ጨረሩ ሳይጣራ ነው የሚደርሰን።

በዚያ ላይ የምንሠራውን እንመልከት። እኛ የኮንስትራክሽን ተማሪዎች ነን፤ ነገሩ በቀጥታ ይመለከተናል። በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሕንፃዎች ከላይ እስከ ታች መስተዋት ናቸው። መስተዋት የፀሐይን ብርሃን ያስገባል፤ ውስጡ ያለው ዕቃ ሞቆ መልሶ የሚተፋውን ሙቀት ግን አያስወጣም። ብዙዎቹ መስኮታቸው ጠባብ ስለሆነ ነፋስ አይዞርባቸውም። እኛ ቤት ደግሞ አያት ኮንዶሚኒየም መጨረሻ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው ቀጭን ብሎኬት፣ ከላይ ቆርቆሮ። የአያቴ የጭቃ ቤት ግን ቀትር ላይ ስትገቡበት እንደ ዋሻ ይቀዘቅዛል። ወፍራሙ ጭቃ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይጠጣና ወደ ውስጥ ሳያደርሰው ይመሻል። ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ ማለቴ አይደለም፤ ግን አያቴ ያለ ዲፕሎማ ያወቀችውን እኛ በዲፕሎማ ረስተነዋል።

ጥላውስ የት ሄደ? በምሥራቅ አዲስ አበባ ያሉ የሰፈር ስሞችን ልብ ብላችኋል? ሾላ የዛፍ ስም ነው፤ ጉርድ ሾላ ደግሞ የተቆረጠ ሾላ ማለት ነው። በየቀኑ ጉርድ ሾላ ላይ ታክሲ ስጠብቅ፣ በስሙ እንጂ በጥላው አልጠለልም። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በኮሪደር ልማት መንገዶች ሰፍተዋል፣ ችግኝም ተተክሏል፤ ደስ ይላል። ችግኝ ግን እንደ አምፖል አይበራም፤ ጥላ እስኪሆን ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ ያለውን ትልቅ ዛፍ መጠበቅ አዲስ ከመትከል አያንስም ባይ ነኝ።

ይሁንና መልካም ዜና አለ። የአዲስ አበባ ሙቀት ቀላል ሙቀት ነው! አየራችን በበጋ ደረቅ ስለሆነ ላብ ቶሎ ይተናል፤ ላብ ሲተን ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የእንስራ ውኃ ለምን ቀዝቃዛ እንደሆነ ታውቃላችሁ? እንስራው ስለሚያልበው ነው። እኛም እንስራ ነን፤ ውኃ ካለንና ነፋስ ካገኘን ራሳችንን እናቀዘቅዛለን። እንደ ጅቡቲ ባለ እርጥበታማ ጠረፍ ጥላ ሥር ተቀምጦም ላቡ አይደርቅም። እዚህ ግን ጥላ ሥር ሁለት ደቂቃ ስትቆሙ ነፍስ ትዘራላችሁ። ኤርኮንዲሽነር አያስፈልገንም። ጥላ፣ መስኮት፣ ውኃና ሰዓት ይበቁናል። አራቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ግን እንቢ እንላቸዋለን!

የመስኮቱን ነገር እንኳ ተመልከቱ። ከመገናኛ ወደ አያት በቀትር በሚኒባስ ስሄድ መስኮቱን በጣት ያህል ከፈት አደርጋለሁ። ወዲያው ከኋላ "ልጄ፣ ዝጋልኝ፣ ነፋስ ይመታኛል" ይመጣል። "እሺ እማማ" ብዬ እዘጋለሁ፤ ትልቅ ሰው እንቢ አይባልማ! ግን እስቲ አስቡት፣ እነዚሁ እናቶቻችን "ፀሐይ ላይ አትቁም፣ ምች ይመታሃል" ብለው ያሳደጉን ናቸው። ምች ሲመታንም ዳማከሴ አሽተው ያሸቱን፣ ጭማቂውን በቡና ያጠጡን እነሱ ናቸው። ባህላችን ፀሐይ ሰውን እንደሚጥል ድሮም ያውቅ ነበር። የካድነው እኛ ነን። ጃንጥላም እንዲሁ፤ ሴቶች እህቶቻችን በጠራራ ፀሐይ ዘርግተው ይሄዳሉ፣ እኛ ወንዶች ግን "ሰው ምን ይለኛል" ብለን አናታችን ይፈላል። እኔ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ዘርግቻለሁ። ሁለት ሳምንት ሳቁ፤ ከዚያ ለመዱት።

ሙቀት የሚያውቁ ሰዎች አያፍሩበትም። ድሬዳዋ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ቀትር ላይ ከተማዋ ታሸልባለች፣ ሰው ሽርጡን አገልድሞ ያርፋል፣ ፀሐዩ ሲበርድ ሥራው እንደገና ይደምቃል። የድሬ ልጅ ሰነፍ ነው የሚል አለ? ካታር እንኳ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ በፈረንጆቹ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባለው ጊዜ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ከቤት ውጭ ማሠራትን በሕግ ከልክላለች። ደቡብ ሱዳን በ2016 ዓ.ም መጋቢት ወር ከሙቀቱ የተነሳ ትምህርት ቤቶቿን ዘግታ ነበር። የእኛ ሙቀት ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ትምህርት ይዘጋ አልልም። ሰዓትን ከፀሐይ ጋር ማስማማት ግን ብልህነት እንጂ ሽንፈት አይደለም ለማለት ነው።

የጾሙን ጉዳይም እንዳንረሳ። በ2017 ዓ.ም ሁዳዴም ረመዳንም የገቡት በየካቲት ወር ውስጥ ነበር። ስለዚህ በዚያ ሰሞን 8 ሰዓት ላይ ፈተና የሚቀመጥ ክፍል ውስጥ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ ውኃ ያልቀመሱ የሁለቱም እምነት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። እነዚህስ ያላጠኑ ናቸው?

እኔ ራሴን የማስታግስበትን ዘዴ ላካፍላችሁ። ቤታችን ሲመሽ መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ቤቱ እስከ ጠዋት ይበርዳል። ፀሐይ ስትወጣ ፀሐይ በሚያየው በኩል መስኮቱም መጋረጃውም ይዘጋል። በጣም ሲብስ እናቴ እርጥብ ነጠላ መስኮቱ ላይ ትሰቅላለች፤ የእንስራው ጥበብ እኮ ነው። ከባዱን ጥናት ንጋት ላይ አደርጋለሁ። ጥቁር ቲሸርት ትቼ ሰፋ ያለ ነጭ ጥጥ ለብሻለሁ። ጓደኛችሁ በሙቀት ራሱን ከዞረውና ካቅለሸለሸው ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አላሉለት፣ ፊቱንና አንገቱን በውኃ እያራሳችሁ አራግቡለት። የሚያስመልሰው ካልሆነ ውኃ ወይም ከፋርማሲ የሚገዛውን ኦ.አር.ኤስ. በውኃ በጥብጣችሁ ቀስ እያለ ይጠጣ። መዘባረቅ ከጀመረ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ እንዲህ ያለው የሙቀት ምት ይገድላል።

በመጨረሻ ለትምህርት ክፍላችን በትሕትና ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት መጨረሻ ፎቅ ላይ የሚሰጡ ፈተናዎች ጠዋት ይሁኑ፤ ከሰዓት መሆን ግድ ከሆነ ወደ ምድር ቤት ክፍሎች ይውረዱ። ሁለተኛ፣ የውኃ ላስቲክ ወደ ፈተና ክፍል ይግባ፤ ኩረጃ ከተፈራ ጽሑፉ ተልጦ ይግባ። ሦስተኛ፣ መስኮት ይከፈት፤ ወረቀት እንዳይበተን ድንጋይ እኔ ራሴ አመጣለሁ! ብርድ የሚፈራ በአንድ በኩል፣ ሙቀት የሚፈራ በመስኮቱ በኩል ብንቀመጥ ማን ይጎዳል? ለሦስቱም በጀት አያስፈልግም። የወለቀው ኮርኒስ ደግሞ ለእኛ ለተማሪዎች የአንድ ቅዳሜ የተግባር ልምምድ ነው፤ እንጨቱና ምስማሩ ይቅረብልን እንጂ እንሠራዋለን።

እናንተም ውድ ተማሪዎች፣ አጠገባችሁ ያለው ልጅ "ሞቀኝ" ሲል ከመሳቃችሁ በፊት መስኮቱን ክፈቱለት። እኔ ከእንግዲህ አልደብቅም። በሚቀጥለው ሚያዝያ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጃንጥላና ውኃ የያዘ ልጅ በመስኮቱ ጥግ ተቀምጦ ካያችሁ፣ እኔ ነኝ። ደግሞም አጥንቻለሁ!

ቸር ይግጠመን።