ድንገተኛና ደራሽ

ልጆች ሆይ፤ ድንገተኛ ማለት ሳይታሰብና ሳይጠበቅ የመጣ ማለት ነው። በታኅሣሥ ወር እህሉ በአውድማ ላይ ሳለ ዝናብ ቢጥል፥ ያ ዝናብ በእውነት ድንገተኛ ነው፤ ገበሬውም አይነቀፍበትም። በሐምሌ የሚጥለውን ዝናብ ግን ድንገተኛ ብሎ መጥራት አይገባም። ቤቱን ሳይከድን ሰኔ ያለፈበት ሰው እንዲህ ቢል፥ የነገረን ስለ ዝናቡ ሳይሆን ስለ ስንፍናው ነው።

ዳሩ ግን ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል አይደለም። በድሬዳዋ ከተማ መካከል ደቻቱ የሚባል ወንዝ ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። በ1998 ዓ.ም. በክረምት በዙሪያው ባለው ደጋ ብርቱ ዝናብ ዘነበ፤ ውሃውም በሌሊት ወርዶ ሰዎችን ከነቤታቸው ወሰደ። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በከተማ ለተኛው ሰው ጎርፉ ድንገተኛ ነበር፤ ዝናቡን በዓይኑ ላየው የደጋ ሰው ግን ውሃው ወደ ታች መውረዱ የታወቀ ነገር ነበር። አንዱ ውሃ ለአንዱ ድንገተኛ ሆነ፥ ለሌላው አልሆነም። እንግዲህ ይህ ቃል የሚናገረው ስለ ውሃው ብቻ አይደለም፤ ማን እንዳወቀና ማን እንዳላወቀም ይናገራል።

እንዲህ ያለውን ውሃ ሕዝቡ ደራሽ ይለዋል፤ ከሩቅ ተነሥቶ የሚደርስ ማለት ነው። እኔ ከድንገተኛ ይልቅ ይህን ስም እመርጣለሁ። ደራሽ ሲባል የሰማ ልጅ፥ ከወዴት ተነሣ? ማንስ አየው? ብሎ ይጠይቃል። ድንገተኛ ሲባል ግን ጥያቄው በዚያው ይቀራል።