ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል ማለት ነው?

ስልካችሁ ላይ ማፕስ ሚ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ ካለ፣ የምታዩት ካርታ የአንድ ኩባንያ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ ውስጥ ከተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ የመጣ ነው። ማንም ሰው አካውንት ከፍቶ የሰፈሩን መንገድ፣ ድልድይ ወይም ክሊኒክ ይጨምርበታል። ደቦ በሉት። ታዲያ በደቦ በተሠራ ነገር ላይ ውሉ መሀል ላይ ሲቀየር፣ ቀድሞ የሠሩት ሰዎች ልፋት ምን ይሆናል?

ይሄ ጥያቄ የምር ተነስቷል። ካርታው መጀመሪያ የሚሰራጨው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነበር። ያ ፈቃድ ደግሞ የተዘጋጀው እንደ ጽሑፍ፣ ፎቶና ሙዚቃ ላሉ የፈጠራ ሥራዎች ነው። «እዚህ ጋ መንገድ አለ» የሚል መረጃ በኮፒራይት ይጠበቃል ወይ የሚለው ግን አከራካሪ ነው። ስለዚህ ለዳታቤዝ ተብሎ ወደተጻፈው ኦዲቢኤል ወደሚባል ፈቃድ ለመዞር ተወሰነ።

ችግሩ፣ መብቱ በእያንዳንዱ ሠሪ እጅ ነበር። ሁሉም መጠየቅ ነበረበት። ብዙው ተስማማ፣ አንዳንዱ እምቢ አለ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ መልስ አልሰጠም። ፕሮጀክቱ ዝምታውን እንደ እሺታ አልቆጠረውም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 አንድ ሶፍትዌር ካርታውን እየዞረ ያልተስማሙትን ሰዎች ሥራ አነሳ። በዚያ ላይ ሌሎች የጨመሩት ሳይቀር አብሮ የተነሳበት ቦታ አለ። በዓለም ደረጃ የጠፋው ትንሽ ቢሆንም፣ አውስትራሊያና ፖላንድ ክፉኛ ተጎዱ። አዲሱ ፈቃድ ሥራ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 12 ነው።

የተናደዱትን እረዳቸዋለሁ። የተስማማ ሰው ሥራ ባልተስማማ ሰው ምክንያት ሲጠፋ ያበግናል። እኔ ግን ውሳኔው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። «መጠቀም ከቀጠሉ እንደተስማሙ ይቆጠራል» የሚሉንን አፖች ለምደናል። እዚህ ግን የሰው ልፋት ያለፈቃዱ ከሚወሰድ ካርታው ቢጎድል ይሻላል ተባለ። የጎደለ መንገድ እንደገና ይሣላል። አንዴ የጠፋ እምነት ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ጥፋቱ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው፤ ውሉ ሲቀየር ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ አልተነጋገሩም። አሁን ተስተካክሏል። ወደፊት ፈቃዱን ለመቀየር ንቁ ከሆኑት አባላት የ2/3ኛው ድምፅ ያስፈልጋል፤ አዲሱም ፈቃድ ነፃና ክፍት መሆን አለበት። ልብ በሉ፣ «ንቁ» ነው የሚለው። ካርታ መሥራት ያቆመ ሰው ድምፅ የለውም፣ ሥራው ግን ይቀራል። ያኔ ያስቆም የነበረው ዝምታ አሁን አያስቆምም ማለት ነው። ቢሆንም ሰው ይህን ገና ሲገባ አውቆት ስለሚፈርም፣ ለእኔ ፍትሐዊ ነው።

እናንተም በጋራ ለሚሠራ ካርታ፣ መዝገበ ቃላት ወይም የፎቶ ስብስብ ጊዜያችሁን ስትሰጡ፣ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት አንድ ነገር ፈልጉ፦ ነገ ውሉ ቢቀየር የሚጠየቀው ማነው?