በፎቅ ቤት ስለሚያድግ ቡችላ

የመንዝ ውሻ ሌሊቱን በበረት ደጅ አድሮ ጅብ ሲቀርብ የሚጮኽ የበግ ጠባቂ ነው፤ ባለቤቱም ስለ ጩኸቱ ያመሰግነዋል። የርሱ ቡችላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በፎቅ ቤት ሲዘጋበት፥ በደረጃው የሚወጣውን የጎረቤት ኮቴ ሁሉ እንደ ጅብ ቢቈጥረው አያስደንቅም። ሲጮኽ በዱላ መምታት ፍርሃቱን ያበዛዋል እንጂ ዝም አያሰኘውም፤ እኛስ ዝም ባለ ጊዜ ቍራሽ መስጠትን፥ ብቻውን መዋልንም ከጥቂት ደቂቃ ጀምሮ ማስለመድን እንመርጣለን።

ስለ ሽንቱም ነገር፥ የሁለት ወር ቡችላ ከሁለት ሰዓት ያህል በላይ ሊቋጥር አይችልም። ስለዚህ ከእንቅልፉ ሲነሣ፥ በልቶና ተጫውቶም ሲያበቃ፥ ወዲያው ደረጃውን አውርዶ ሁልጊዜ ወደ አንድ ስፍራ መውሰድ ይገባል። አፍንጫውን በሽንቱ ላይ የሚያሹ ሰዎች እናያለን፤ ቡችላው ግን ከዚህ የሚማረው ከአልጋ ሥር ተደብቆ መሽናትን ነው።

ሰለቸን፤ ወደ መንዝ እንመልሰው የሚል ሰው ቢኖር፥ አስቀድሞ ያስከትበው ብለን እንለምናለን። በጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ውሻ በሚያመጣው በሽታ ሊያልቅ ይችላልና፤ በባሌም በ1996 ዓ.ም. ከውሻ የተጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ቀበሮዎች ፈጅቷል።