ለወላጅ የሚገባ ዋስትና ቀን ይቆረጥለት!

አገር ቤት ሥራ ያገኘ ሰው «ተያዥ አምጣ» ሲባል አይደነግጥም። ገንዘብ ያዥ፣ ሾፌር ወይም የመጋዘን ሠራተኛ ለመሆን የደመወዝ ደብዳቤ የሚያጽፍ ዘመድ ይፈለጋል። ዘመዱም ከመፈረሙ በፊት ሁለት ነገር ያጣራል፤ «እስከ ስንት ብር?» እና «እስከ መቼ?»። የመጀመሪያውን ጥያቄ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የዋስ መብት አድርጎታል። በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ያልተጻፈበት የዋስትና ውል አይጸናም። እናቱን ወይም አባቱን ወደ አሜሪካ የሚያስመጣ ልጅ የሚፈርመው ሰነድ ግን ለሁለቱም ጥያቄዎች ቁርጥ ያለ መልስ የለውም።

ሰነዱ በመንግሥት ስሙ አይ-864 ይባላል፤ በእኛ ሰው አፍ «አፊዳቪት» ወይም «የስፖንሰር ፎርም» ነው። አቋማችንን ከመነሻው እናስቀምጥ። ልጅ ላስመጣው ወላጅ ኃላፊነት ይውሰድ መባሉን እንደግፋለን። የምንቃወመው ሁለት ነገር ነው፤ የልጁ አቅም የሚለካበትን መንገድና ዋስትናው ማብቂያ ማጣቱን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወላጅን ማስመጣት የሚችለው 21 ዓመት የሞላው የአሜሪካ ዜጋ ነው፤ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው አይችልም። ዜጋው ለእናቱም ለአባቱም ለየብቻ ያመለክታል። ለወላጅ የዓመት ኮታ ስለሌለ፣ ወንድምና እህት ለማስመጣት እንደሚያመለክቱት ሰዎች ረጅም ዓመታት ተራ አይጠብቅም። ጉዳዩ ገንዘቡ ላይ ሲደርስ የልጁ ገቢ የፌዴራል መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው የድህነት መስመር 125 በመቶ መሙላት አለበት። እ.ኤ.አ. የ2025ን መስመር ብንወስድ፣ ብቻውን የሚኖር ልጅ ከእናቱ ጋር ሁለት ሰው ተብሎ 26,437 ዶላር ማሳየት ይጠበቅበታል። ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ከእናቱ ጋር አምስት ይሆናል፤ 47,062 ዶላር። አባት ከታከሉ 53,937 ይደርሳል። ቀደም ሲል የፈረመላቸውና ግዴታቸው ያላበቃ ሰዎች ካሉም አብረው ይደመራሉ።

ፊርማው ድሮ ይህን ያህል ክብደት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ከ1996 በፊት ስፖንሰሩ የሚገባውን ቃል ፍርድ ቤቶች እንደ ሞራል ግዴታ ነበር የሚያዩት፤ ቃሉን ያጠፈን ሰው በሕግ ማስገደድ አልተቻለም። በዚያ ዓመት በተከታታይ የወጡት የድጎማ ማሻሻያና የኢሚግሬሽን ሕጎች ነገሩን ለወጡት። ከ1997 ማብቂያ ጀምሮ አፊዳቪቱ የሚያስከስስ ውል ሆነ። ወላጁ ራሳቸው ልጃቸውን ሊከሱ ይችላሉ፤ ለችግረኛ የሚሰጠውን ድጎማ ለወላጁ የከፈለ መንግሥትም ገንዘቡን ከስፖንሰሩ ሊጠይቅ ይችላል። አድራሻውን ቀይሮ በ30 ቀን ውስጥ ያላሳወቀ ስፖንሰር እንኳ ከ250 ዶላር የሚጀምር ቅጣት ይጠብቀዋል።

ለሚዛን ያህል ሌላውንም አገር እንይ። ካናዳ የሦስት ተከታታይ ዓመታት ገቢ ታያለች፤ ግዴታውም 20 ዓመት ይዘልቃል፣ በኬቤክ 10። ገቢው የሞላም ቢሆን ዕጣ ካልወጣለት ማመልከት አይችልም፤ በ2025 ግብዣ የተላከው በ2020 ተመዝግበው ሲጠብቁ ለነበሩ ሰዎች ነው። ብሪታኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2012 ወዲህ በሩን ልትዘጋው ጥቂት ነው የቀራት። ወላጁ የዕለት ተዕለት ነገራቸውን ያለ ሰው እርዳታ መከወን ያቃታቸው፣ በአገራቸውም ተንከባካቢ የማይገኝላቸው መሆን አለባቸው። ለንደን ያለው ልጅ አዲስ አበባ ላሉት እናቱ አስታማሚ የመቅጠር አቅም ካለው፣ አቅሙ ራሱ ይጎዳዋል። ከእነዚህ ጋር ሲተያይ በሕጉ ላይ የተጻፈው የአሜሪካ በር ሰፊ ነው። ትችታችን በሩን ለማጥበብ ለሚሹ ሰበብ እንዲሆን አንፈልግም።

የመጀመሪያው ችግር መለኪያው ነው። ከወገኖቻችን መካከል ኡበርና ታክሲ እየነዱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ጥቂት አይደሉም፤ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉትን የአንዱን ሒሳብ በምሳሌ እንሥራው። በ2024 ከሥራው 68,000 ዶላር ገባለት እንበል። ለሥራ የነዳው 48,000 ማይል ነው። የታክስ መሥሪያ ቤቱ ለዚያ ዓመት በማይል 67 ሳንቲም ስለሚፈቅድ 32,160 ዶላር ይቀነስለትና ገቢው 35,840 ይሆናል። ታክስ ሲያሠራ ደስ ያሰኘው ቅናሽ የእናቱ ጉዳይ ሲመጣ ይዞርበታል፤ ለስፖንሰርነት የሚታየው ከቅናሹ በኋላ የቀረው ነው። ለአምስት ሰው ከሚፈለገው 11,222 ዶላር ጎደለው። በንብረት እሞላለሁ ቢል፣ ለወላጅ የሚጠየቀው የጉድለቱ አምስት እጥፍ ነው፤ 56,110 ዶላር፣ ያውም በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሊለወጥ የሚችል።

ሚስቱ ብትሠራ ገቢዋ በሌላ ፎርም ይደመርለት ነበር። እሷ ግን ሕፃናቱን ይዛ ቤት ናት፤ የሁለት ልጅ መዋያ ክፍያ ደመወዟን ይጨርሰዋል። አያት ቢመጡ ልጆቹን ይይዛሉ፣ እሷ ሥራ ትወጣለች፣ የጎደለው ይሞላል። ሕጉ ደግሞ የጎደለው ሳይሞላ አያት አይመጡም ይላል። በዚህ ስሌት እናት እንደ አንድ አፍ ይቆጠራሉ፤ እጃቸው አይቆጠርም። የሌሊት ፈረቃ ያላት ነርስ ልጇን ለማን ትታ እንደምትወጣ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ማን እንደሚቀበለው የሚጠይቅ መስመር ፎርሙ ላይ የለም።

ሁለተኛው ችግር ይብሳል። ግዴታው የሚያበቃው ወላጁ ዜጋ ሲሆኑ፣ የ40 ሩብ ዓመት ሥራ ሲቆጠርላቸው፣ ነዋሪነታቸውን ትተው ከአገሪቱ ሲወጡ፣ ወይም እሳቸው አለዚያም ስፖንሰሩ ሲሞቱ ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ መውጫው ብዙ ይመስላል። በ66 ዓመታቸው ከደብረ ብርሃን የመጡ እናት አስቡ። አርባ ሩብ ዓመት ማለት አሥር ዓመት ሥራ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የሚሞከር አይደለም። ዜግነት ግሪን ካርድ በተገኘ በአምስት ዓመት ይጠየቃል፤ ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እንደ እሳቸው ያለ ሰው በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ እንዲፈተን የሚፈቀድለት ከ55 ዓመት በላይ ሆኖ በግሪን ካርድ 15 ዓመት ሲኖር ነው። ያን ጊዜ 81 ዓመታቸው ነው። መማር የሚከለክል ሕመም እንዳለባቸው ሐኪም ካላረጋገጠላቸው በቀር ሌላ አቋራጭ የለም። ልጅየው የገባው ዋስትና፣ እሱ የቱንም ያህል ቢተጋ፣ በእናቱ እንግሊዝኛ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

እናትም አንድ ቦታ አይቀመጡም። የእህታቸው ተዝካር አለ፣ የታናሽ ልጅ ሠርግ አለ፣ የሜኔሶታን ብርድ ሽሽትም አለ። አገር ቤት ሄደው ከስድስት ወር በላይ ከቆዩ፣ ለዜግነት የሚያስፈልገው ተከታታይ ኑሮ ተቋርጧል ሊባሉ ይችላሉ፤ ዓመት ከሞላቸው ደግሞ ይቋረጣል። ለዜግነት የሚጠብቁት ጊዜ በረዘመ ቁጥር የልጁም ዋስትና አብሮ ይረዝማል።

የእኛም ሕግ ልጅ ወላጁን እንዲጦር ያስገድዳል። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በወላጅና በልጅ መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታ አስቀምጧል። ልኩ ግን የጠያቂው ችግርና የሰጪው አቅም ተመዛዝነው ይወሰናል፤ አቅም ሲወርድ ቀለቡም ሊወርድ ይችላል። አይ-864 ሥራውን ያጣን ወይም የታመመን ልጅ አያውቅም። ወላጁ ሌላ ገቢ ከሌላቸው የድህነት መስመሩን 125 በመቶ፣ በ2025 ስሌት ለአንድ ሰው 19,562 ዶላር ያህል በየዓመቱ እንዲያሟላላቸው ይጠብቅበታል። መንግሥት የከፈለው ድጎማ ካለ እሱም ይጠየቃል። የዓመቱ ልክ ይታወቃል፤ የዓመታቱ ብዛት አይታወቅም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ምግብና መጠለያ ነው። ቤት የሚያናጋው ግን ሕመም ነው። አንዳንድ ግዛቶች በራሳቸው ገንዘብ ከሚሸፍኑት በስተቀር፣ አዲስ የመጡ ወላጅ ለአምስት ዓመት ሜዲኬድ የተባለውን የችግረኞች የጤና ሽፋን አያገኙም። 65 ዓመት የሞላቸው አምስት ዓመት ከኖሩ በኋላ ሜዲኬር የተባለውን የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ ከፍለው መግዛት ይችላሉ፤ በሥራ ዘመናቸው ላላዋጡት የሆስፒታሉ ክፍል ብቻ በ2025 በወር 518 ዶላር ነበር። ካናዳ ለሱፐር ቪዛ፣ ማለትም ለጉብኝት ለሚመጡ ወላጅና አያት፣ ቢያንስ የ100,000 የካናዳ ዶላር የጤና ኢንሹራንስ ትጠይቃለች። የአሜሪካው ፎርም ዕድሜ ልክ ለሚኖሩት ወላጅ ስለ ኢንሹራንስ አንድም ጥያቄ አያነሳም። ገቢን እስከ መጨረሻዋ ዶላር ይመረምራል፤ ልጁን ዕዳ ውስጥ የሚከተውን ነገር ግን ሳይጠይቅ ያልፋል።

ጣታችንን ወደ ዋሽንግተን ብቻ አንቀስርም። ገቢው የጎደለ ሰው ጆይንት ስፖንሰር፣ ማለትም አብሮት ዋስ የሚሆን ሰው፣ ይፈልጋል። 18 ዓመት የሞላው፣ አሜሪካ የሚኖር ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ዝምድና አይጠየቅም። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ «ታክስሽን ብቻ ላኪልኝ፤ ፎርማሊቲ እኮ ነው» ይባላል። ተለማኟም ይሉኝታ ይዟት ትፈርማለች። ፎርማሊቲ አይደለም። ከፈረመች ወዲያ እንደ ዋናው ስፖንሰር እኩል ትጠየቃለች፤ ከወዳጇ ጋር ብትኳረፍም፣ እናትየው ወደ ሌላ ግዛት ቢሄዱም ፊርማዋ አይነሳም። ነገ የራሷን እናት ላምጣ ስትል የጓደኛዋ እናት በእሷ ቤተሰብ ቁጥር ውስጥ ተደምረው ታገኛቸዋለች። ይህን እያወቀ ያልነገራት ሰው አታሏታል፤ ሳያውቅ የለመናትም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ፍርዳችን እንግዲህ ይህ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ለወላጅ የሚገባውን ዋስትና በዓመት ይወስን፤ ኬቤክ አሥር ዓመት ይበቃል ብላ እየሠራችበት ነው። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ነዋሪዎች በአምስተኛ ዓመታቸው በገዛ ቋንቋቸው ለዜግነት ይፈተኑ። በግል ሥራ የሚተዳደር ሰው ገቢ ሲመዘን የማይል ቅናሹ ሁሉ ከኪሱ የወጣ ገንዘብ እንዳልሆነ ይታይለት፤ አያት ሲመጡ ሥራ ልትጀምር የተዘጋጀች ሚስት ከአሠሪዋ ያመጣችው ደብዳቤም ሚዛን ይግባ። ይህን የሚወስኑት ሰዎች የሚመረጡት በድምፅ ነው፤ ወላጅ ለማስመጣት ዜጋ የሆነ ሁሉ የመምረጥ መብት አብሮ አግኝቷል። ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ያለ ወገናችን ለተወካዩ ቢሮ ይደውል፣ ይጻፍ።

የራሳችንም የቤት ሥራ አለ። በየከተማው ያሉት ዕድሮቻችን ሰው ሲሞት አስከሬን አገር ለማስገባት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በሕይወት ላሉት አረጋውያን የኢንሹራንስ ክፍያ የሚውል መዋጮም ይልመዱ። አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የማኅበረሰብ ማዕከላት ፎርሙን በአማርኛ የሚያስረዳ ጠበቃ በዓመት አንዴ እንኳ ይጋብዙ። ልጆችም ማመልከቻውን ከመላካቸው በፊት ወላጆቻቸውን «መምጣት ትፈልጋላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ ሰባ ዓመት የኖሩበትን ደጅ ዘግቶ መምጣት የሚወሰነው በእነሱ ነው።

ወላጅን መጦር ከማንም የምንማረው ነገር አይደለም። ዋስትናው ይኑር፤ ልኩ ይጻፍበት፣ ቀንም ይቆረጥለት።