ሰንጢ ስትገዙ ከብረቱ ስም በፊት የምትስሉበትን ድንጋይ አስቡ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ፎቶ ላከልኝ። ስለቱ ሦስት ቦታ የተሸራረፈ ሰንጢና በፋሻ የታሰረ አውራ ጣት። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ቲቸር፣ ብረቱ ዲ2 ነው፣ ዕድሜ ልክህን ያገለግልሃል ብለውኝ ነበር እኮ። አሁን ምን ዓይነት ልግዛ?»

ልጁ መርካቶ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ይከፍታል፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ ይቆርጣል፣ የማዳበሪያ ስፌት ይተረትራል። ሰንጢውን ቲክቶክ ላይ አይቶ የወር ደሞዙን ግማሽ ከፍሎበታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እንደ ምላጭ ነበር አለኝ። ከዚያ ደነዘ። ሰፈር ያለው ቢላ የሚስለው ሰውዬ ቢሞክር፣ ቢሞክር አልሆን አለው። በዚህ መሀል ልጁ የእንጨት ሳጥን ክዳን በሰንጢው ሊፈለቅቅ ሲል ስለቱ ተሸራረፈ። በመጨረሻ በደነዘው ሰንጢ ማሰሪያ ሊቆርጥ በኃይል ሲገፋ አመለጠውና ጣቱን አገኘው። አራት ቦታ ተሰፍቷል፤ አሁን ደህና ነው።

መጀመሪያ እሱን ልቆጣው ነበር። በኋላ ግን ሳስበው ጥፋቱ የኔም አለበት። ስለ ብረትና ካርቦን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ፐርሰንት ጻፍኩ፣ ፈተና ላይ አወጣሁ፣ እሱም ጥሩ ውጤት አመጣ። ኪሱ የሚገባ ነገር ግን አላስተማርኩትም። ስለዚህ ይሄን ፖስት እንደ ማካካሻ ክፍለ ጊዜ ቁጠሩልኝ።

አቋሜን መጀመሪያ ልናገር፦ ለከባድ የዕለት ሥራ ምርጡ የሰንጢ ብረት በጣም ጠንካራው አይደለም። ሲደንዝባችሁ ራሳችሁ፣ ባላችሁ ድንጋይ፣ በአሥር ደቂቃ ልትስሉት የምትችሉት ነው።

ለምን?

አንደኛ፣ «ጠንካራ» የሚለው ቃል ይሸውደናል። በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ነው የምንጠራው። ብርጭቆን በምስማር ብትጭሩት በቀላሉ አይጫርም፤ ከጠረጴዛ ሲወድቅ ግን ይደቃል። የመዳብ ሽቦ ደግሞ በምስማር ይጫራል፤ ብታጥፉት ግን ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ብርጭቆው ጠጣር ነው፣ ሽቦው ቻይ ነው። የሰንጢ ብረት ሁለቱንም ይፈልጋል። ችግሩ አንዱን በጨመራችሁ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ሌላው ይቀንሳል። በዚህ ላይ ሦስተኛው ጣጣ ዝገት አለ። ሦስቱንም አንደኛ የሚወጣ ብረት እስካሁን የለም። «አለ» የሚላችሁ ሰው ሻጭ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ አጭር ነው።

ብረት ስለት እንዲይዝ የሚያደርገው በዋናነት ካርቦን ነው። ለቤት ግንባታ የምንጠቀምበት ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ቢላ ብታደርጉት ወዲያው ይደንዛል። የመኪና ባሌስትራ 0.6 በመቶ አካባቢ አለው፤ ለዚህ ነው ቀጥቃጮቻችን የሚወዱት። የማይዝግ ለመባል ደግሞ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያስፈልጋል። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራና ብረቱን ይጠብቀዋል።

የልጁ ዲ2 እንግዲህ 1.5 በመቶ ያህል ካርቦንና 12 በመቶ ያህል ክሮሚየም ያለው ነው። መጥፎ ብረት አይደለም። ግን መጀመሪያ የታሰበው ለሰንጢ ሳይሆን ፋብሪካ ውስጥ ላሜራ ለሚቆርጡና ለሚያትሙ ቅርጾች ነው። ካርቦኑና ክሮሚየሙ ተዋህደው ካርባይድ የሚባሉ በጣም ጠጣር እህሎች ይሠራሉ። ካርቶን ላይ ቶሎ የማይደንዘው በነሱ ነው። ሳጥን ስትፈለቅቁበት የሚሸራረፈውም በነሱ ነው። ድንጋይ ላይ አልሳል የሚለውም እንዲሁ። ክሮሚየሙም ከፊሉ እዚያ ስለተያዘ ዝገትን ሙሉ በሙሉ አይችልም። ይሄ ሁሉ እንግዲህ ማህተሙ እውነት ከሆነ ነው። ብረት ላይ «ዲ2» ብሎ መጻፍ ደግሞ ምንም አይከብድም።

ከዚያ በላይ ያሉት፣ እንደ ኤስ30ቪ እና ኤስ90ቪ ያሉት፣ ቫናዲየም የተጨመረባቸው ናቸው፤ የመጀመሪያው 4 በመቶ፣ ሁለተኛው 9 በመቶ ያህል። የቫናዲየም ካርባይድ ከተራ መሳያ ድንጋይ እህል ይበልጣል። ማለትም ድንጋዩ ሰንጢውን ሳይሆን ሰንጢው ድንጋዩን ነው የሚበላው። እነዚህ የአልማዝ መሳያ ይፈልጋሉ። አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ወንድማችሁ እንዲህ ያለ ሰንጢ ልኮላችሁ መሳያውን ካልላከ፣ ስጦታውን ግማሹን ነው የላከው።

በተቃራኒው የስዊስ ወታደር ሰንጢ የሚባለውን እዩ። ሮክዌል በሚባለው የጥጥረት መለኪያ 56 አካባቢ ነው፤ ሰብሳቢዎች «ለስላሳ» ብለው ይንቁታል። ግን አይዝግም፣ ቶሎ አይሸራረፍም፣ በተገኘ ድንጋይ ይሳላል። የፈረንሳዩ ኦፒኔል 0.9 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ተራ ብረት አለው፤ ይዝጋል፣ ግን ሲሳል ደስ ይላል። ይኸው ሰንጢ የማይዝግ አማራጭም አለው፣ 12ሲ27 የሚባል የስዊድን ብረት ነው። የቻይናው 8ሲአር13ኤምኦቪም ርካሽ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ከማይዝጉት መሀል የምትሸሹት ተራውን 420 ነው፤ በተለይ ካርቦኑ ትንሽ የሆነውን። ገበያ ላይ ያለው የሚያብለጨልጭ ርካሽ ሰንጢ ብዙው ከዚህ ወገን ነው። ቶሎ ይሳላል፣ ማታ ግን ደንዞ ታገኙታላችሁ። የስዊሱን መስቀል የለጠፈ ሁሉም ስዊስ እንዳይመስላችሁ።

ሁለተኛ፣ የብረቱ ስም የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። ያው ጤፍ፣ ያው እርሾ ሆኖ ምጣዱ ካልጋለ እንጀራው ዓይን አያወጣም አይደል? ብረትም እንደዚያ ነው። ዋናው እሳቱ ነው።

አምና ተማሪዎቼን ይዤ ከተማው ዳር ወዳለ ቀጥቃጭ ቤት ሄጄ ነበር። ሰውዬው ባሌስትራውን በወናፍ እያጋለ ጥላ ውስጥ ቀለሙን ያያል፤ ፀሐይ ላይ ቀለሙ ያሳስታል አለን። የሚፈልገው ቀይ ላይ ሲደርስ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ውስጥ ነከረው። «አሁን ብትጥሉት ይሰበራል» አለ። ከዚያ ጥቁሩን ፈግፍጎ እንደገና እሳቱ አጠገብ አስጠጋው፣ ስለቱ የገለባ ቀለም እስኪይዝ። ልብ በሉ፤ መጽሐፉ ላይ 800 ዲግሪ አካባቢ ማጋል፣ በፍጥነት ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ 200 ዲግሪ አካባቢ መልሶ ማሞቅ ብለን የምናስተምረውን ሰውዬው ያለ ቴርሞሜትር በዓይኑ ሠራው። አንዷ ተማሪዬ ግን ቀስ ብላ «ቲቸር፣ እዚህ ብዙ ባንቆይ» አለችኝ። ለምን እንዳለች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቲክቶክ ላይ ቁጥር የሚደረድረውን እናምናለን፤ ቁጥሩን በእጁ የሚሠራውን ዓይኑን እንፈራለን። ይሄ ነገር እስካሁን ያናድደኛል።

ሰውዬው የሚታጠፍ ሰንጢ አይሠራም። ብረቱም ካልተጠረገ ይዝጋል። ግን ገመድ፣ ቅርንጫፍ፣ ጆንያ ለሚቆርጥ ሰው ትንሽ ቢላ ከነአፎቱ አሠርቶ መያዝ ከብዙ የሚያብረቀርቅ ሰንጢ ይሻላል ባይ ነኝ።

ያንን ሁሉ ልፋት በአንድ ደቂቃ የሚያጠፋው ደግሞ ሞተር ያለው መሳያ ነው። ብልጭታው ደስ ይላል፣ ስለቱ ግን ሲግል ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ካያችሁ ብረቱ 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው። ባሌስትራም ሆነ ተራ የማይዝግ ብረት እዚያ ቦታ ላይ ጥጥረቱ ቀንሷል፤ ብትስሉት፣ ብትስሉት አይዝም። ስለዚህ ሰውዬውን «ቀስ እያልክ፣ ውኃ እየነከርክ» በሉት። አሊያም ራሳችሁ ሳሉ።

አንድ ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው «ማን ሲስል ይውላል? ብዙ ብር ከፍዬ ለወራት የማይደንዝ ብይዝ አይሻልም?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። የአልማዝ መሳያ ያለው፣ በሰንጢው ከመቁረጥ ውጪ ሌላ ነገር የማይሠራ ሰው ያንን ቢገዛ አልቃወምም። ግን የኛ ሥራ ቦታ አቧራና አሸዋ ነው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ማንኛውንም ስለት ይበላል። ካርቶኑም ራሱ አቧራ የያዘ ነው። ሁሉም ብረት አንድ ቀን ይደንዛል። ጥያቄው ይደንዛል ወይ አይደለም፤ የደነዘ ቀን ምን ታደርጋላችሁ ነው። ተማሪዬን የቆረጠው ስለታም ሰንጢ አልነበረም፤ የደነዘው ነው።

እንግዲህ ለሱ የመለስኩለት ይሄ ነው፣ ለእናንተም ከጠቀመ፦

1. ለካርቶን ብቻ ከሆነ ምላጩ የሚቀየር ከተር ግዛ። አታፍርበት። ሰንጢውን ለማሰሪያና ለስፌት አቆየው።

2. ሎሚ፣ ጨው፣ ሥጋና ውኃ ካለበት የማይዝግ ይሁን። ደረቅ ሥራ ከሆነና ጠርገህ ዘይት የምትቀባ ሰው ከሆንክ ተራው የካርቦን ብረት ይበቃል።

3. ካለህ ብር ላይ መጀመሪያ የመሳያ ድንጋዩን ቀንስ። በቀረው ሰንጢ ግዛ።

4. ስትስል ስለቱን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርገህ አቁመው፤ 90 ነው። ግማሹን አጋድመው፤ 45። እንደገና ግማሹን፤ 22 አካባቢ። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብትል ደህና ነህ። ሁለቱንም ጎን እኩል ሳል። ድንጋይ ከሌለህ የሸክላ ኩባያ ገልብጠህ ያልተወለወለውን የመቀመጫውን ክብ ተጠቀም።

5. በሰንጢ አትፈልቅቅ። ለዚያ የተሠራ ብረት አለ።

6. ከሥራ ዕቃህ ጋር ይዋል እንጂ ኪስህ ውስጥ ይዘኸው አትዙር። ባንክም ሆነ ሕንፃ በር ላይ ፍተሻ አለ፤ የሥራ ዕቃ ነው ብትል ማን ይሰማሃል።

ልጁ «ቲቸር፣ ይሄን ያኔ ብትነግረን ኖሮ» ብሎ መለሰልኝ፤ ከሥሩ የሚስቅ ኢሞጂ ጨምሮበታል። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ክፍል ውስጥ ቢላ ይዞ መግባት አይቻልም፤ ልክም ነው። ዘንድሮ ግን አንድ ነገር አስቤያለሁ። ከቀጥቃጩ ሁለት ቁራጭ ባሌስትራ እወስዳለሁ፣ አንዱ በቀስታ ቀዝቅዞ የለሰለሰ፣ አንዱ ግሎ ዘይት ውስጥ የተነከረ። ተማሪዎቹ በሞረድ ይሞክሯቸዋል። አንደኛውን ሞረዱ ይበላዋል፣ ሁለተኛው ላይ እንደ ብርጭቆ ይንሸራተታል። አንድ ብረት፣ አንድ ካርቦን፣ ሁለት ዕጣ። እሺ ካሉኝ ሰውዬውንም ጋብዤ እሱ ራሱ ቢያስረዳቸው ደስ ይለኛል።

እጃችሁ ላይ ሥራ ያለ ልጆቼ፣ ኤሌክትሪሻኖች፣ ሥጋ ቤት ያላችሁ፣ እርሻ ላይ ያላችሁ፣ ምን ትይዛላችሁ? በምን ትስላላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ፤ ማርክ አልቀንስም።